ስንዝር ለኪውን የእሳት እራት መመደብ፦ ከጆሮው እስከ ክንፉ ሥር

የእሳት እራት ለመመደብ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በክንፉ ቀለም ላይ ነው። ሥዕል ካለበት መጽሐፍ ጋር ያስተያያል፣ የሚመስለውን ያገኛል፣ ስሙን ይጽፋል። ትሉ ስንዝር እንደሚለካ ሰው በሚሄደው በጂኦሜትሪዴ ቤተሰብ ውስጥ ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ወደ ተሳሳተ ስም ያደርሳል። ቤተሰቡ ስም የወጣላቸው ወደ 24,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ የብዙዎቹ ቀለም ከዛፍ ግንድ፣ ከደረቀ ቅጠልና ከአለት ገጽ ጋር ይመሳሰላል። የወፍን ዓይን ለማሳሳት የተበጀ ቀለም የመዳቢንም ዓይን ማሳሳቱ አይቀርም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ቀለምን ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ አቀማመጡንና ትሉን፣ ቀጥሎ ጆሮውን፣ ከዚያ የክንፉን ሥር፣ ማለትም በክንፉ ውስጥ እንደ ደም ሥር የተዘረጉትን ቱቦዎች፣ እናያለን፤ ወደ ዝርያ ስም የምንደርሰው በመጨረሻ ነው። በየደረጃው ማስረጃዎ እስከ ፈቀደልዎ ድረስ ብቻ ይሂዱ። “ጂኦሜትሪዴ፣ ንዑስ ቤተሰቡ ላረንቲኔ፣ ዝርያው ያልታወቀ” ተብሎ የተጻፈ መለያ በግምት ከተለጠፈ ሙሉ ስም ይበልጣል።

የማዕረጎቹን ስም ከመነሻው ማወቅ ሥራውን ያቀላል። የስሙ መጨረሻ ማዕረጉን ይናገራል፦ በ“ኦይዴያ” የሚያልቅ ላዕላይ ቤተሰብ ነው፣ በ“ኢዴ” የሚያልቅ ቤተሰብ፣ በ“ኢኔ” የሚያልቅ ንዑስ ቤተሰብ፣ በ“ኢኒ” የሚያልቅ ነገድ ነው። ከነገድ በታች ወገን፣ ከወገን በታች ዝርያ ይመጣል። ጂኦሜትሮይዴያ፣ ጂኦሜትሪዴ፣ ጂኦሜትሪኔ፣ ጂኦሜትሪኒ የሚሉት አራት ስሞች አንድ ይመስላሉ፤ የሚያመለክቱት ግን እያደር የሚጠብቡ አራት የተለያዩ ክበቦችን ነው። ጀማሪ በብዛት የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አሥር ወይም ሃያ እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ቢቻል ከላይና ከታች መብራት ያለው ማይክሮስኮፕ፣ ጫፉ የቀጠነ መቆንጠጫ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ትንንሽ የብርጭቆ ሳህኖች፣ 70 ከመቶ አልኮል፣ ተራ በረኪና፣ 10 ከመቶ የፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ፣ መርፌና የመለያ ወረቀት። ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፤ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይንኩት። ማይክሮስኮፕ ከሌለዎት እስከ ቤተሰብ፣ ዕድል ከቀናም እስከ ንዑስ ቤተሰብ መድረስ ይችላሉ። ከዚያ በታች ያለው ሥራ ያለ ማይክሮስኮፕ አይሞከርም።

ደረጃ 1፦ በሕይወት ሳለ አቀማመጡን ይመዝግቡ

በነጭ ጨርቅና በመብራት የሚሰበስቡ ከሆነ ነፍሳቱን ከማንሳትዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሱ። ከላይ አንድ፣ ከጎን አንድ፣ ከተቻለም ከታች አንድ። የጂኦሜትሪዴ አባላት አብዛኛውን ጊዜ አራቱንም ክንፎች ዘርግተው ከተቀመጡበት ገጽ ጋር ያጣብቃሉ፤ የኋላ ክንፋቸው ይታያል፤ ከፊት ክንፍ የተነሳ መስመርም ሳይቋረጥ ወደ ኋላ ክንፍ ይሻገራል። ኖክቱዴ የሚባለው ሌላ የእሳት እራት ቤተሰብና የቅርብ ዘመዶቹ ግን የፊት ክንፋቸውን እንደ ጣሪያ ደፍተው የኋላውን ይሸፍናሉ።

ይህ ምልክት ጠቋሚ እንጂ ፈራጅ አይደለም። ከጂኦሜትሪዴ ውስጥ ክንፋቸውን እንደ ቢራቢሮ ወደ ላይ ገጥመው የሚያርፉ አሉ። ቢስቶን የሚባለውን ወገን ደግሞ ሰውነቱ ስለሚደነድንና ፀጉራም ስለሆነ ከሌላ ቤተሰብ የመጣ አድርገው ሊቆጥሩት ይችላሉ። “ጂኦሜትሪዴ ማለት ሰውነተ ቀጭን” የሚለው ደንብ ለአብዛኞቹ ይሠራል፤ ለእርሱ ግን አይሠራም። እንዲያም ሆኖ አቀማመጡን መመዝገብ ግድ ነው፤ አንዴ በመርፌ ተወግቶ ክንፉ ከተዘረጋ በኋላ ያ መረጃ ተመልሶ አይገኝምና።

አረንጓዴ ከሆነ ፎቶግራፉን ፈጽሞ አይዝለሉ። የጂኦሜትሪኔ አረንጓዴ ቀለም በእርጥበት ይበላሻል። የደረቀውን ነፍሳት ክንፉን ለመዘርጋት በእርጥብ ዕቃ ውስጥ ሲያቆዩት አረንጓዴው ወደ ገለባ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ቆይተው የሚያዩት ሰውም አረንጓዴ እንደነበር ሊጠረጥር አይችልም። እንዲህ ያለውን ሳይደርቅ ወዲያው ዘርግተው ይጨርሱ።

ደረጃ 2፦ ትሉ ካለ እግሩን ይቁጠሩ

ትሉን ካገኙ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። የዚህ ቤተሰብ ትል በእጅ ስንዝር ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ነው የሚሄደው፦ ፊቱን ይዘረጋል፣ ይይዛል፣ ጀርባውን ቀስት አድርጎ ኋላውን ወደ ፊት ይስባል። ይህን የሚያደርገው የመሀል እግር ስለሌለው ነው። ከደረቱ ሥር ካሉት ሦስት ጥንድ እውነተኛ እግሮች ሌላ፣ የሆድ እግሮቹ ሁለት ጥንድ ብቻ ናቸው፤ አንዱ በስድስተኛው የሆድ ክፍል፣ ሁለተኛው በአሥረኛው፣ ማለትም በመጨረሻው ላይ።

አካሄዱን ብቻ አይተው ግን አይፍረዱ፤ ቁጠሩት። ከኖክቱዴ ውስጥ ፕሉሲኔ የሚባለው ንዑስ ቤተሰብ ትሎች ጀርባቸውን ቀስት አድርገው ይሄዳሉ፤ ሲቆጠሩ ግን ሦስት ጥንድ የሆድ እግር አላቸው፦ በአምስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥረኛው ክፍል። የድሬፓኒዴ ንዑስ ቤተሰብ የሆነው የድሬፓኒኔ ትል በተቃራኒው የመሀል እግሮቹ ተሟልተው የመጨረሻው ጥንድ የለውም፤ ጭራው ሾሎ ወደ ላይ ይነሳል። የዩራኒዴ ትል የሆድ እግሮች ሙሉ ናቸው።

ከቤተሰቡ ውስጥም ሁለት አስቸጋሪዎች አሉ። የአልሶፊላ ትል በአምስተኛው ክፍል ላይ የጫጨ ተጨማሪ ጥንድ አለው። የአርኪያሪስ ትል ደግሞ የሆድ እግሮቹ በቁጥር የተሟሉ ሲሆኑ የፊተኞቹ ያነሱ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ካወቁ በመቁጠር የመሳሳት ዕድልዎ ትንሽ ነው።

ትሉን የሚበላበትን ተክል ስም ጽፈው ቢያሳድጉት ይመረጣል። ከትል እስከ ክንፋም ድረስ የተከታተሉት አንድ ነፍሳት ከመብራት ሥር ከተለቀመ ብዙ ነፍሳት ይልቅ ያስተምራል።

ደረጃ 3፦ ጆሮውን ይፈልጉ

ቤተሰቡን የሚያረጋግጠው ዋናው ምልክት ይህ ነው። ብዙ የእሳት እራቶች የሌሊት ወፍ የምታሰማውንና የሰው ጆሮ የማይደርስበትን ቀጭን ድምፅ የሚሰሙበት አካል አላቸው። ይህ አካል በተለያዩ ቤተሰቦች በተለያየ ጊዜ ለየብቻው ስለተፈጠረ ቦታውና አሠራሩ ይለያያል፤ ለመዳቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

በመጀመሪያ ነፍሳቱን በጎኑ አድርገው ደረትና ሆድ የሚገናኙበትን ቦታ በሌንስ ይዩ። ጆሮው ከኋላ ክንፍ መነሻ ጀርባ በደረቱ መጨረሻ ላይ ከሆነ ይህ ኖክቱዮይዴያ ነው፤ ኖክቱዴ፣ ኤሬቢዴና ኖቶዶንቲዴ የዚህ ላዕላይ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ጂኦሜትሪዴን እዚህ መፈለግ ያቁሙ።

ጆሮው በሆዱ መነሻ፣ በታችኛው በኩል ግራና ቀኝ ከሆነ ወደ ጂኦሜትሪዴ ተጠግተዋል። ለማረጋገጥ ሆዱን በመቆንጠጫ ወደ ላይ ገፋ አድርገው ይንቀሉት። ይህን በደረቀ ነፍሳት ላይ ሲያደርጉ በቀላሉ ይላቀቃል። የተላቀቀውን ሆድ በትንሽ ሳህን ውስጥ ባለ የፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ያሳድሩት፤ ለስላሳው ሥጋ ይሟሟና ጠንካራው የውጭ ልባስ ብቻ ይቀራል። በውኃ አጥበው ላዩ ላይ ያሉትን ደቃቅ ቅርፊቶች በብሩሽ ጠርገው ከፊት በኩል ሲመለከቱት ሁለት ጎድጓዳ ክፍሎች ይታያሉ። በጂኦሜትሪዴ ውስጥ ከጎድጓዳው ጠርዝ የተነሳች፣ ወደ ጆሮው ታምቡር ፊት የምትታጠፍ ትንሽ ዘንግ አለች፤ አንሳ ትባላለች። በጂኦሜትሪዴ ቤተሰብ ብቻ የምትገኝ ምልክት ናት። አንሳን ካዩ ቤተሰቡ ተወስኗል፤ ክንፉ ምንም ዓይነት ቀለም ይኑረው።

ያንን ሆድ አይጣሉት። ኋላ በደረጃ 7 የመራቢያ አካሉን ለማየት ይኸው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሲያጸዱት ጫፉን እንዳይቆርጡ ይጠንቀቁ።

ሆዳቸው ላይ ጆሮ ያላቸው ሌሎችም አሉ። ፒራሎይዴያ አንዱ ነው፤ እርሱን ለመለየት ግን ሆድ መንቀል አያስፈልግም። የመምጠጫ ቱቦውን መነሻ በሌንስ ይዩ፦ በቅርፊት ከተሸፈነ ፒራሎይዴያ ነው፤ ራቁቱን ከሆነ አይደለም። በድሬፓኒዴ ጆሮው በሆድ መነሻ ጎን ላይ ነው፤ አንሳም የለውም። ዩራኒዴ ደግሞ እንግዳ ነገር አለው፤ የሴቷና የወንዱ ጆሮ በአንድ ቦታ አይገኝም። በሴቷ በሆድ መነሻ ሥር ነው፤ በወንዱ ግን ወደ ጎን ሄዶ በሁለተኛውና በሦስተኛው የሆድ ክፍል መካከል ይገኛል። ሴትና ወንድ ይዘው ካነጻጸሩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ክንፍ አልባ የሆኑ ሴቶች ላይ ጆሮው ሊቀንስ ይችላል። የማይበር ነፍሳት ከሌሊት ወፍ የሚሸሽበት ምክንያት የለውም። የኦፔሮፍቴራ ብሩማታ፣ የኤራኒስና የአልሶፊላ ሴቶች ክንፋቸው የጫጨ ወይም ጭራሽ የሌለ ስለሆነ ሲታዩ ከሸረሪት ጋር ይምታታሉ። እነዚህን የሚመድቡት አብረዋቸው በተያዙት ወንዶች ነው።

ደረጃ 4፦ የክንፉን ሥር ያንብቡ

ፈጣኑ መንገድ ክንፉን ገልብጦ በታችኛው ገጽ ላይ አንድ ጠብታ አልኮል ማድረግ ነው። አልኮሉ እስኪተን ድረስ ቅርፊቱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሥሮቹም ጥርት ብለው ይታያሉ። ጊዜው አጭር ስለሆነ የሚፈልጉትን ቀድመው ይወስኑ። ቋሚ ማስረጃ ከፈለጉ የቀኝ በኩል ሁለት ክንፎችን ይንቀሉ፣ በአልኮል ያርሱ፣ ወደ በረኪና ያስገቡ፣ ቀለሙ ሲለቅ በውኃ አጥበው በሁለት ብርጭቆ መካከል ያድርቁ። የግራውን ክንፍ አይንኩ፤ ቀለሙን ማየት የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ።

በክንፉ መሀል ሥር የማያቋርጠው ሰፊ ዝግ ቦታ አለ፤ ሴል ይባላል። ከሴሉ ጫፍ የሚወጡት ሦስት የመሀል ሥሮች ከላይ ወደ ታች ኤም 1፣ ኤም 2 እና ኤም 3 ይባላሉ። በፊት ክንፍ ላይ ከሴሉ ታችኛ ጥግ ተጠጋግተው የሚወጡትን ሥሮች ይቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ ኤም 2 የሚባለው ሥር ከሴሉ ጫፍ መሀል ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ወጥቷል ማለት ነው፤ ጂኦሜትሪዴ እንዲህ ነው። አራት ከሆኑ ኤም 2 ወደ ታች ወርዶ ከኤም 3 ጋር ተጎራብቷል፤ ኖክቱዴ፣ ኤሬቢዴና መንጠቆ ክንፎቹ ድሬፓኒዴ እንዲህ ናቸው። ኖቶዶንቲዴም ሦስት ስለሚያሳይ ይህ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ከጆሮው ጋር ሲጣመር ነው የሚሠራው።

በኋላ ክንፍ ላይ የመጀመሪያውን፣ ማለትም ከፊተኛው ጠርዝ አጠገብ ያለውን ሥር ይከተሉ። በጂኦሜትሪዴ ይህ ሥር ከመነሻው ላይ ወደ ክንፉ ትከሻ በጉልህ ይታጠፋል፤ ትከሻውን የሚደግፍ ይመስላል። ዓይንዎ ከለመደው በኋላ ይህን መታጠፍ ያለ አልኮልም ያዩታል።

ደረጃ 5፦ ዘመዶቹን ያግልሉ

ጂኦሜትሪዴ የሚኖረው ጂኦሜትሮይዴያ በሚባል ላዕላይ ቤተሰብ ውስጥ ነው። አብረውት የሚቆጠሩት ዩራኒዴ፣ ሴማቱሪዴ፣ ኤፒኮፔይዴና ስዩዶቢስቶኒዴ ናቸው። ድሬፓኒዴ ቀድሞ ቅርብ ዘመድ ይመስል ነበር፤ አሁን ድሬፓኖይዴያ በሚባል በሌላ ላዕላይ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

ዩራኒዴ ውስጥ በቀን የሚበሩ፣ ባለ ጭራና አንጸባራቂ ቀለም ያላቸው አሉ። የማዳጋስካሯ ክሪሲሪዲያ ሪፌየስ የታወቀችው ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1773 ስም ሲወጣላት ቢራቢሮ ተብላ ነበር። ከዚያው ቤተሰብ ኤፒፕሌሚኔ የሚባሉት ግን ትንንሽና ደብዛዛ ናቸው፤ ጂኦሜትሪዴ ተብለው የሚታለፉትም እነርሱ ናቸው። ሲያርፉ የፊት ክንፋቸውን መጠቅለላቸው ይለያቸዋል። በደረጃ 1 ፎቶግራፍ ካነሱ ጥቅሙን እዚህ ያገኙታል። ሴማቱሪዴ በአመዛኙ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ አፖፕሮጎኔስ የሚባል አንድ ወገን ብቻ በደቡባዊ አፍሪካ ይኖራል። የኤፒኮፔይዴ ቦታ እስያ ነው፤ ጭራ ካላቸው ትልልቅ ቢራቢሮዎች ጋር የሚመሳሰሉ አሉበት።

ስዩዶቢስቶኒዴ አዲስ ስም ነው። ስዩዶቢስቶን ፒንራታናይ የሚባለው ነፍሳት መልኩ ቢስቶንን ስለሚመስል ከጂኦሜትሪዴ ተቆጥሮ ቆየ፤ ኋላ አካሉና ጂኑ ሲመረመር ከየትኛውም ቤተሰብ ጋር አልገጥም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ራሱን የቻለ ቤተሰብ ተሰጠው። ብቻውን አልቀረም፤ ከኤሬቢዴ ዘንድ ከፀጉራም ትሎቹ ጎራ ተመድቦ የኖረው ሄራኩላ የሚባል ወገን ቆይቶ የእርሱ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። መልክ ሲያታልል እስከዚህ ድረስ ያታልላል።

በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የሚሠሩ ከሆነ ሄዲሊዴን ይጠንቀቁ። ሰውነታቸው ቀጭን፣ አንቴናቸው ክር መሰል፣ አብዛኞቹም የሌሊት በራሪ ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ በጂኦሜትሪዴ ውስጥ ተቆጥረዋል። ጆሯቸው ግን በሆዳቸው ሳይሆን በፊት ክንፋቸው መነሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማልኮም ስኮብል ከቢራቢሮዎች ጋር ሊቆጠሩ ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ የጂን ጥናቶችም በኋላ ከቢራቢሮዎች ላዕላይ ቤተሰብ ውስጥ አስገቧቸው። በሆድ ላይ ጆሮ መፈለግ ለምን ከቀለም እንደሚቀድም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ደረጃ 6፦ ንዑስ ቤተሰቡን ይወስኑ

አሁን ሥራው ሁሉ ወደ ኋላ ክንፍ ይዞራል። በተግባር የሚያጋጥምዎ ከአራቱ ትልልቅ ንዑስ ቤተሰቦች አንዱ ነው፤ ጥያቄዎቹን በዚህ ተራ ይጠይቁ።

መጀመሪያ፦ በኋላ ክንፍ ላይ ኤም 2 አለ? ከሌለ፣ ወይም በቦታው ባዶ እጥፋት ብቻ ካለ፣ ኤኖሚኔ ነው። የቤተሰቡ ግማሽ ገደማ እዚህ ስለሚገባ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው በዚሁ ያበቃል። እጥፋትንና ሥርን መለየት ዓይን ይፈልጋል። ሥር ቱቦ ነው፤ ከታች መብራት ሲያበሩበት ሁለት ጠርዝ ያሳያል። እጥፋት አንድ መስመር ብቻ ነው። ልዩ ሁኔታም አለ፦ አልሶፊላ ኤም 2 ስላለው ቀድሞ የራሱ ንዑስ ቤተሰብ ተሰጥቶት ነበር፤ የጂን ማስረጃ ግን ወደ ኤኖሚኔ መለሰው። ምልክት ብዙዎችን ያስተዳድራል እንጂ ሁሉንም አይገዛም።

ኤም 2 ካለ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይለፉ፦ የፊተኛው ጠርዝ ሥር ከሴሉ የላይኛው ሥር ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው? ሁለቱ ሥሮች ከሴሉ አጋማሽ እስኪያልፉ ተዋህደው አብረው ከሄዱ በኋላ ከተለያዩ ላረንቲኔ ነው። በጥቂት ላረንቲኔዎች ሁለቱ ሥሮች ሳይዋሃዱ በአጭር ድልድይ ይያያዛሉ፤ ድልድዩም ወደ ሴሉ መጨረሻ የተጠጋ ነው። ግንኙነቱ ከክንፉ መነሻ አጠገብ አጭር ሆኖ ሥሮቹ ወዲያው በሰፊው ከተራራቁ ስቴሪኔ ወይም ጂኦሜትሪኔ ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ ኤም 2 ወደማን ይቀርባል? በጂኦሜትሪኔ መነሻው ከኤም 3 ይልቅ ወደ ኤም 1 ይጠጋል። በስቴሪኔ በመሀል ገደማ ነው። አሁን፣ ገና አሁን፣ ቀለሙን መጥራት ይፈቀዳል፦ ጂኦሜትሪኔ በአብዛኛው አረንጓዴ ነው፤ ስቴሪኔ በአብዛኛው ትንሽ፣ ነጣ ያለ ወይም ክሬም ሆኖ ቀጫጭን ሞገድ መስመሮችና በየክንፉ መሀል ነጥብ አለው። ላረንቲኔ በፊት ክንፉ ላይ ብዙ የተደራረቡ ሞገዶች ወይም ሰፊ የመሀል ቀበቶ ይታይበታል። ሥሩና ቀለሙ ከተስማሙ ይጻፉ። ከተጣሉ ለሥሩ ይፍረዱ። አረንጓዴ የሆኑ ላረንቲኔዎችና ኤኖሚኔዎች አሉ፤ አረንጓዴ ያልሆኑ ጂኦሜትሪኔዎችም አሉ።

ስቴሪኔን ሲጠረጥሩ የወንዱን የኋላ እግር ይመልከቱ። በብዙዎቹ ዝርያዎች እግሩ የተነፋ፣ ያጠረ ወይም የፀጉር ጥቅል የያዘ ነው። ስኮፑላና ኢዴያ የሚባሉ ትልልቅ ወገኖቹን ሲለያዩ ይህ ያግዝዎታል።

የቀሩት ንዑስ ቤተሰቦች ትንንሽ ናቸው። አርኪያሪኔ በቀዝቃዛው ሰሜን በፀደይ መጀመሪያ በቀን የሚበር፣ ፀጉራም፣ ዓይኑ አነስተኛና ሞላላ ነው። በዚህ መልክ ብቻ ከታዝማኒያ የመጡ ዲርሴና አካሊፌስ የሚባሉ ሁለት ወገኖች ለብዙ ጊዜ አብረው ተቆጥረዋል፤ በቀዝቃዛ ቦታ በቀን መብረር ተመሳሳይ አካል ያበጃልና። አሁን በኤኖሚኔ ውስጥ ናቸው።

ኦይኖክሮሚኔና ዴስሞባትሪኔ ግን ራስ ምታት ናቸው። ኦይኖክሮሚኔ የሚለው ስም ለዘመናት ቦታ የታጣለት ሁሉ የሚጣልበት ማጠራቀሚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሌይዲስ ሙሪዮ-ራሞስ፣ ፓሲ ሲህቮነን፣ ጉናር ብሬህምና ባልደረቦቻቸው ከ1,200 በላይ ናሙናዎችን እስከ 11 በሚደርሱ የጂን ክፍሎች መርምረው ባወጡት ጥናት ሁለቱም ንዑስ ቤተሰቦች የአንድ ዘር ልጆች እንዳልነበሩ አሳዩ። ሰውነታቸው የቀጠነውን አንዱን ጎራ አውጥተው ኤፒዴስሚኔ የሚል አዲስ ንዑስ ቤተሰብ መሠረቱ፤ ኤርጋቪያ፣ አሜትሪስና ማክሮቴስ የሚባሉ ወገኖችን ደግሞ ወደ ስቴሪኔ አዛወሩ። ለእርስዎ የሚተርፈው ተግባራዊ ትምህርት አጭር ነው፦ ከ2019 በፊት በታተመ ዝርዝር ውስጥ “ኦይኖክሮሚኔ” የሚል ካዩ እንዳለ አይቅዱት፤ ወገኑ አሁን የት እንዳለ ያጣሩ።

ደረጃ 7፦ ከንዑስ ቤተሰብ በታች

ጾታውን ይለዩ። በክንፎቹ መገናኛ ሥር የኋላውን ክንፍ ከፊተኛው የሚያያይዝ ጠንካራ ፀጉር አለ፤ በወንዱ አንድ ወፍራም ነው፣ በሴቷ ብዙ ቀጫጭን ናቸው። አንቴናውም ይረዳል። በብዙ ዝርያዎች የወንዱ አንቴና ቅርንጫፍ አለው፣ የሴቷ ክር መሰል ነው። ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለዚህ ቡድን ስም ሲያወጣ ይህንኑ ተጠቅሟል፤ ቅርንጫፍ ላላቸው መጨረሻው “አሪያ” የሆነ፣ ለሌላቸው “አታ” የሆነ ስም ሰጣቸው። ቤቱላሪያና ብሩማታ ከእነዚያ ስሞች ናቸው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ግን መጨረሻውን በዘፈቀደ ስለተጠቀሙበት ከስሙ ተነስተው አንቴናውን አይገምቱ።

የመራቢያ አካል ምርመራ ዝርያን ለመወሰን ዋናው መሣሪያ ነው። በደረጃ 3 ያጸዱትን ሆድ ወስደው ከጫፉ ያለውን ጠንካራ አካል ለይተው ያውጡ፤ የወንዱን ሁለት ጎን መያዣዎች ዘርግተው ከታተሙ ሥዕሎች ጋር ያስተያዩ። ዩፒቴሲያ የሚባለውን የላረንቲኔ ወገን በዚህ መንገድ ካልሆነ አይንኩት። ከ1,400 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ትንሽ፣ ግራጫና አንድ ዓይነት ናቸው። በፎቶግራፍ ብቻ የዩፒቴሲያን ዝርያ በልበ ሙሉነት የሚጠራ ሰው ቢያጋጥምዎ በትሕትና ያድምጡት፤ መለያው ላይ ግን አይጻፉለት። የዚሁ ወገን የሃዋይ ትሎች አብዛኞቹ ቅጠል መብላት ትተው ዝንብ እያደቡ የሚይዙ ናቸው፤ ክንፋሞቹን ብቻ ያየ ሰው ይህን ፈጽሞ አይጠረጥርም።

የጂን መለያም አለ። ሲኦአይ ከሚባለው የሚቶኮንድሪያ ጂን 658 ፊደላትን አንብቦ ከመረጃ ቋት ጋር ማስተያየት፣ ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ካቀረቡት ወዲህ የተለመደ ሆኗል። ከደረቀ ነፍሳት አንድ እግር ይበቃል። ትልንና ክንፍ አልባ ሴትን ከወንዱ ጋር ለማገናኘት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አይጠይቁት። በቅርቡ የተለያዩ ዝርያዎች ተመሳሳይ ንባብ ሊኖራቸው ይችላል። የንዑስ ቤተሰቦችን የጥንት ዝምድና ለመፍታትም አንድ ጂን አቅም የለውም፤ የ2019ኙ ጥናት ብዙ ጂኖችን የጠየቀው ለዚህ ነው። ደግሞም በመረጃ ቋቱ ውስጥ ስሙን ያስመዘገበው ሰው በቀለም ተታልሎ ከሆነ ማሽኑ ስሕተቱን አክብሮ ይመልስልዎታል።

የቀለም ልዩነት በአንድ ዝርያ ውስጥም እንዳለ ያስቡ። ቢስቶን ቤቱላሪያ ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ነው፤ በማንቸስተር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1848 የተመዘገበው ግን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነበር። ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው። በሥዕል መጽሐፍ ብቻ ቢሄዱ ለሁለት ይከፍሏቸው ነበር።

ደረጃ 8፦ መለያውን ይጻፉ

በአንድ መርፌ ላይ ሁለት መለያ ይኑር። የላይኛው የተያዘበትን ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ ዘዴና የሰብሳቢውን ስም ይይዛል፤ ይህ አይለወጥም። የታችኛው የምደባው መለያ ነው፦ የደረሱበት ማዕረግ፣ የመደበው ሰው፣ ዓመቱና የታየው ማስረጃ። “ጂኦሜትሪዴ፣ ስቴሪኔ፣ በኋላ ክንፍ ሥርና በወንዱ እግር” ብለው ቢጽፉ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰው የት እንደቆሙ ያውቃል። ምደባው ሲለወጥ የቀድሞውን መለያ አያንሱ፤ አዲሱን ከሥሩ ይጨምሩ። የነቀሉትን ሆድ በግሊሰሪን በተሞላ ትንሽ ቱቦ ውስጥ አድርገው በዚያው መርፌ ላይ ይሰኩት፤ በሌላ ሣጥን ካስቀመጡት የነፍሳቱን ቁጥር በሁለቱም ላይ ይጻፉ። የነቀሉትን ክንፍና ለጂን የወሰዱትን እግር ቁጥርም በዚያው ቀን ያስፍሩ።